በሰም የተቀረጸ ድምፅ፦ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሕይወት

አንድ አገር አዲስ መሣሪያ ከውጭ ሲያስመጣ፥ ከመሣሪያው የሚገኘው ፍሬ ዘወትር አስቀድሞ የታሰበው ብቻ አይደለም። ላኪዎቹ ያሰቡት ሌላ፥ ተላኪው ይዞት የሚመለሰው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የአውቶሞቢልን አነዳድና አሠራር እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር የተላኩት ተሰማ እሸቴ፥ ለትውልድ ያቆዩት ሀብት መኪና ሳይሆን ድምፃቸው ነው። ከመንግሥት የተሰጣቸው ሹመት ተሽሯል፤ የተማሩባቸውም መኪናዎች አርጅተው ከመንገድ ወጥተዋል። ከትእዛዙ ውጭ የሠሩት ሥራ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይሰማል። ስለዚህ የነጋድራስ ተሰማ ሕይወት የኪነ ጥበብ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የቴክኒክ ታሪክም ነው።

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያደጉበትና ለአካለ መጠን የደረሱበት ጊዜ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ አገሪቱን ከዘመናዊ መሣሪያ ጋራ ለማስተዋወቅ የደከሙበት ዘመን ነበር። የአዲስ አበባና የሐረር የስልክ መስመር ተዘረጋ፤ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ። የንጉሠ ነገሥቱ የመሣሪያ ፍቅር የታወቀ ነበርና፥ አዲስ ነገር ይዞ የመጣ የውጭ አገር ሰው በቤተ መንግሥቱ በኩል ሳያልፍ አይቀርም ነበር።

ድምፅን የሚይዝ መሣሪያም ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ አልነበረም። በ1891 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የቀረጹት መልእክት ለአጤ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ቀርቦ ከተሰማ በኋላ፥ እነርሱም በተራቸው ድምፃቸውን በዚያው ዓይነት መሣሪያ አስቀርጸው መልስ ልከዋል። የንግሥቲቱ ቅጂ ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ነበር። ይህ ትእዛዝ የዚያን ዘመን አስተያየት ያስረዳል፤ የተቀረጸ ድምፅ እንደ ደብዳቤ ተነቦ የሚቀደድ፥ ለአንድ ጊዜ ጉዳይ የሚውል ነገር ሆኖ ይታይ ነበር። ድምፅ ተባዝቶ በገበያ የሚሸጥና ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ የሚኖር ዕቃ መሆኑን አገሩ ገና አላየም።

ተሰማ እሸቴ በትውልድ ከአዝማሪ ወገን አልነበሩም። ይህ ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። በዚያ ዘመን ዘፈንና ማሲንቆ የታወቀ ሙያ ቢሆኑም፥ ባለሙያው በግብር ቤት እየተፈለገ በማኅበራዊ ደረጃው ግን ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። አዝማሪው ያወድሳል፤ ይሸነቁጣል፤ በቅኔ ተሸፍኖ ሌላው ሰው የማይደፍረውን ይናገራል፤ ከግብሩ በኋላ ግን ሹመት የሚጠብቅ ሰው ከእርሱ ጋራ መቆጠርን አይፈልግም። ለሹመት የሚታሰብ ሰው ግጥም ቢያውቅ ጨዋታ አዋቂ ይባል ነበር እንጂ፥ ዘፋኝ ተብሎ ስሙን በአደባባይ እንዲያስጠራ የሚጠበቅ አልነበረም። ተሰማ በሰምና ወርቅ አነጋገር፥ በድንገት በሚፈጠር ግጥምና በማሲንቆ ጨዋታ የተሰጡ ሰው እንደነበሩ የታወቀ ነው። ይህን ስጦታቸውን ለወዳጅ ጨዋታ ብቻ ከማዋል አልፈው ስማቸው በተጻፈበት ሸክላ ላይ ማስቀረጻቸው ከዘመኑ ልማድ መውጣት ነበር።

ወደ ጀርመን የሄዱበት ምክንያት መኪና ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ በበረሃና በተራራ እያቋረጠ አዲስ አበባ አስገባት። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ናኬ የተባለችውን፥ በሳክሶኒ የተሠራችውን መኪና ይዞ መጣ። ሁለቱም ለምኒልክ ቀረቡ። ይሁን እንጂ መኪና ማግኘትና መኪና ማሠራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተጠረገ መንገድ በጥቂቱ ብቻ ነበረ፤ ቤንዚንና ጎማ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ፤ ሞተሩ ሲቆም የሚያስነሣ፥ የተሰበረውን የሚጠግን የአገር ሰው አልነበረም። መኪናውን ያመጣው እንግዳ የሄደ ዕለት መኪናው ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ሰው ልኮ ማስተማር ግድ ነበር፤ ተሰማ እሸቴም ለዚህ ጉዳይ ተመርጠው ተላኩ።

ጉዞው ራሱ ትምህርት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ ከዋና ከተማው እስከ ድሬዳዋ ያለው መንገድ የሚታለፈው በበቅሎና በግመል ነበር። ከድሬዳዋ በባቡር፥ ከጅቡቲ በመርከብ ሄዶ አውሮፓ የሚደርስ ሰው፥ በአንድ ጉዞ ውስጥ ከበቅሎ እስከ እንፋሎት ሞተር ያለውን የመጓጓዣ ታሪክ በሙሉ ያያል።

የደረሱባት ጀርመን ደግሞ በመኪና ብቻ ሳይሆን በድምፅ ቀረጻም ከዓለም ቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ጠፍጣፋውን ሸክላና ግራሞፎኑን የፈለሰፈው ኤሚል በርሊነር የሐኖቨር ተወላጅ ሲሆን፥ ወንድሙ ዮሴፍ በ1890 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ አቋቁሞ ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያዎቹ የአውሮፓን ዘፈን በመቅረጽ ብቻ አልተወሰኑም። በካይሮ፥ በኢስታንቡል፥ በካልካታ እየዞሩ የየአገሩን ዘፋኝ ይቀርጹ ነበር። ምክንያታቸው ንግድ ነው፤ ሰው የራሱን ቋንቋ የሚናገር ሸክላ ካላገኘ ግራሞፎን አይገዛምና። ተሰማ እሸቴ በጀርመን በቆዩባቸው ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ በበርሊን በርካታ ዘፈኖቻቸው የተቀረጹት ይህ ንግድ በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ቀደም ሲል የውጭ ተመራማሪዎች ለጥናት የቀረጹት ድምፅ ቢኖርም፥ በሸክላ ታትሞ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተሰማ እሸቴ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው።

የሥራው ወጪና መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነበር። የሙዚቃ ጓድ የለም፤ አጃቢ ዘማሪ የለም፤ የተጻፈ ኖታ የለም። ያለው አንድ የሰው ድምፅና አንድ ማሲንቆ ነው። ማሲንቆም ባለ አንድ ክር መሣሪያ ነው፤ ክሩ የፈረስ ጭራ፥ ሳጥኑ በቆዳ የተለበጠ እንጨት፥ ደጋኑም እንዲሁ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነው። ለዚያ ዘመን የቀረጻ ጥበብ ግን ይህ ድህነት ጉዳት ብቻ አልነበረም፤ ምክንያቱን ለመረዳት የቀረጻውን አሠራር ማየት ያሻል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማይክሮፎን በቀረጻ ክፍል ውስጥ የገባው በ1917 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ድምፅ የሚቀረጸው በራሱ ኃይል ብቻ ነበር። ዘፋኙ ከትልቅ የቆርቆሮ መለከት አፍ ፊት ይቆማል። ድምፁ በመለከቱ ውስጥ እየጠበበ ሄዶ በጫፉ ላይ የተወጠረውን ስስ ዲያፍራም ያናውጣል። ዲያፍራሙ መርፌውን፥ መርፌውም የሚሽከረከረውን ወፍራም የሰም ሰሌዳ ግራና ቀኝ እያለ ይጭረዋል። ድምፅን የሚያጎላ አንዳች ነገር በመካከል የለም፤ ሰሙን የሚቆርጠው ጉልበት በቀጥታ ከዘፋኙ ሳንባ የሚመጣ ነው። መሣሪያው የሚቀበለው የድምፅ መጠን በግምት ከ200 እስከ 2000 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ነበር። የከበሮ ጉምጉምታ ከታች ይቀራል፤ የቀጭን ፉጨትና የፀናጽል ድምፅ ከላይ ይጠፋል። ብዙ ሰው ያለበት የሙዚቃ ጓድ ሲቀረጽ ከመለከቱ የራቀው መሣሪያ አይሰማም፤ የቀረበው ሌላውን ይውጠዋል። ለአንድ ወንድ ድምፅና ለአንድ ማሲንቆ ግን ይህ ጠባብ በር በቂ ነበር። በጥቂት ወጪ መሠራቱ ሥራውን ከመሣሪያው አቅም ጋራ አስማማው።

መሣሪያው በምላሹ ከዘፋኙ የሚጠይቀው ግዴታ ነበረው። አዝማሪ በግብር ላይ ሲጫወት ጊዜ የእርሱ ነው። ተመልካቹን አይቶ ግጥሙን ያስረዝማል፤ ከታዳሚው ግጥም ይቀበላል፤ ሲፈልግ በማሲንቆው ብቻ ይቆያል። በደቂቃ 78 ያህል ዙር የሚሽከረከር 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሸክላ ግን በአንድ ፊቱ የሚይዘው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ መርፌው መካከል ይደርሳል፤ ግጥሙ ቢያልቅም ባያልቅም ሰሌዳው አልቋል። ከዚህም በላይ የተሳሳተውን ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። አንድ ቃል የተሰናከለ እንደ ሆነ ሰሙ ይፋቃል፥ ወይም ሌላ ሰሌዳ ይቀርባል፤ ዘፈኑም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ተሰማ እሸቴ ግጥሙን የሚቀበላቸውና በእልልታ የሚመልስላቸው ታዳሚ በሌለበት፥ ቋንቋቸውን በማያውቁ ባለሙያዎች መካከል፥ ለቆርቆሮ አፍ ብቻ መዝፈን ነበረባቸው። ለሰምና ወርቅ ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኅብረ ቃሉን የሚፈታ ሰሚ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ሰሚው ገና ወደ ፊት የሚመጣ፥ የማያዩት ሕዝብ ነበር። የኢትዮጵያ ዘፋኝ ፊቱ ለሌለ ሰው ሲዘፍን በገበያ ሸክላ የተያዘው ያን ጊዜ ነው።

ከቀረጻው በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ የኢትዮጵያ አንጥረኛ ከሚያውቀው ጥበብ ጋራ ይቀራረባል። አንጥረኛ ወርቅ ሲያፈስ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ በሸክላ አፈር ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በስፍራው ይገባል። የቅኔው ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በበርሊንም ዘፈኑ በመጀመሪያ የተጻፈው በሰም ላይ ነበር። ሰሙ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ በደቃቅ ዱቄት ይቀባል፤ ከዚያም በመዳብ ጨው ውኃ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል መዳብ ይለብሳል። መዳቡ ከሰሙ ሲላቀቅ የጭረቱን ተቃራኒ ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ሰሙ ግን አገልግሎቱን ጨርሷል። ከዚህ ብረት በሚወጣው ማተሚያ ነው ሼላክ ከተባለው ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተለወሰው ትኩስ ሊጥ እየተጨፈለቀ በብዛት የሚታተመው። ሕዝቡ ይህን የመሰለውን ጠንካራና ተሰባሪ ዕቃ ሸክላ ብሎ ጠራው። ስሙ ዕቃው ሲወድቅ እንደሚሰበር ከማስረዳቱም በላይ፥ ሳይታሰብ ሰምንና ሸክላን በአንድ ሥራ ውስጥ አገናኝቷቸዋል።

ተሰማ እሸቴ በ1902 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተዉት ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ አልጠበቃቸውም። አጤ ምኒልክ በጽኑ ታመው፥ ልጅ ኢያሱ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አልጋ ወራሽ ተብለው፥ እቴጌ ጣይቱም በዚያው በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገልለው ነበር። ተሰማ ለወጣቱ አልጋ ወራሽ ቀረቡ፤ ወዳጅም ሆኑ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ነጋድራስ ከመባላቸውም በላይ የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስትር ለመሆን በቁ። በሸክላ ላይ ዘፍኖ ስሙን ያወጣ ሰው ለሚኒስትርነት መብቃቱ፥ ያም ሚኒስቴር የሰውን ቃል በሽቦ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርስ መሆኑ፥ ለታሪኩ የሚስማማ አጋጣሚ ነው። የመኪናም፥ የድምፅም፥ የሽቦም ዘመናዊ መሣሪያ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኘ።

ይህ ክብር ብዙ አልቆየም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነት አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። የአዲሱ መንግሥት ሰዎች የተሻረውን ወጣት ወዳጆች በጥርጣሬ ዐይን ይመለከቱ ነበር። ለነጋድራስ ተሰማም የወዳጅነታቸው ዋጋ ሹመትን ማጣት፥ መታሰርና ከአዲስ አበባ ርቆ መኖር ሆነ። በዚያ ዘመን ሥርዐት ሹመት፥ መሬትና ባለሟልነት በአንድ ገመድ የታሰሩ ስለ ነበሩ፥ ገመዱ የተቆረጠበት ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ያጣል። ያ ሰው የነበረበትን ዘመን ማንሣትም እንደ ነውር ይቈጠራል። የልጅ ኢያሱ ዘመን ለብዙ ዓመታት በበጎ እንዳይነሣ ሲደረግ፥ የዘመኑ ሰዎችም ስም አብሮ ደብዝዟል።

ሆኖም ከስደቱ ዘመን ለአገሪቱ ሌላ ፍሬ ተገኘ። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በጅማ ተወለዱ። እኒህ ይድነቃቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች፥ የኢትዮጵያ እግር ኳስ አባት፥ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌደሬሽን ካቋቋሙት አንዱ፥ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. የኮንፌደሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ልጅ በኳስ ሜዳ፥ አባት በማሲንቆ ስማቸውን ያስጠሩ ቢሆንም፥ ሁለቱም በዘመናቸው ለቁም ነገረኛ ሰው አይገባም ይባል የነበረውን ሥራ ወደ ክብር ደረጃ ያወጡ ናቸው። የአባታቸው ግጥሞችም ተሰብስበው ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ በመጽሐፍ እንዲታተሙ ምክንያት የሆነው የልጁ ድካም ነው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1957 ዓ.ም. አረፉ። በዕድሜያቸው የአምስት መሪዎችን ዘመን፥ የጠላትን ወረራና ነፃነትን አይተዋል። ሲያርፉ አገሪቱ የራዲዮ ጣቢያ፥ የክብር ዘበኛና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍል፥ የሀገር ፍቅር ቴአትር ነበሯት። ነገር ግን እርሳቸው በበርሊን የጀመሩት የሸክላ ሥራ በአገር ውስጥ ሥር አልሰደደም ነበር። በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን ብቸኛ መብት ጥሶ በ1961 ዓ.ም. በግሉ ማሳተም የጀመረው የሙዚቃ ሱቅ ባለቤቱ ወጣት አምኃ እሸቴም፥ ባለችው ትንሽ ገንዘብ የመጀመሪያዎቹን የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች አስቀርጾ ሸክላውን ያሳተመው በሕንድ አገር ነበር፤ ዋጋው እዚያ ይረክስ ነበርና። ከተሰማ እሸቴ እስከ አምኃ 60 ዓመት ያህል አልፏል። ዘፈኑ፥ ግጥሙና ዘፋኙ የአገር ሲሆኑ፥ ማተሚያው አሁንም ከባሕር ማዶ ነበር።

እዚህ ላይ ለባለሙያ የሚቀር ጥያቄ አለ። ተሰማ እሸቴ የተላኩት አንድ መሣሪያ መጠቀምን እንዲማሩ ነው፤ መሥራትን እንዲማሩ አይደለም። የእርሳቸውም ዘመን ሆነ ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን በብዛት የላከው ለመጠቀም የሚማር ሰው ነው። የሰሙ ሰሌዳ፥ የመዳብ ልባሱ፥ የማተሚያው ብረት በጀርመን ቀርተዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የታተመው ሸክላ ብቻ ነው። ሸክላ ሲጫወት ይፋቃል፤ ሲወድቅ ይሰበራል። የሚያጫውተውም ግራሞፎን የባለጸጋ ዕቃ ስለ ነበረ በየቤቱ የሚገኝ አልነበረም። ስለዚህም የአገሪቱ የመጀመሪያ የሸክላ ዘፈን በአገሩ ከሚያውቁት የማያውቁት የሚበዙ ሆኖ ብዙ ዘመን አለፈ። ቅጂዎቹ ተፈልገውና ተጠርተው፥ ኢትዮጲክ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ በ27ኛው ቅጽ እንደ ገና ለሕዝብ የቀረቡት ቀረጻው መቶ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

ያም ሆኖ የሠሩት ሥራ ዋጋ አልቀነሰም። የተሻለ መሣሪያ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ የሙዚቃ ጓድ እስኪያገኙ አላዘገዩም። ሥራው የአዝማሪ ነው መባሉንም አልፈሩም። በእጃቸው በነበረው አንድ ክር፥ መሣሪያው በፈቀደላቸው ሦስት ደቂቃ ውስጥ፥ የቋንቋቸውን ጥበብ አስገቡ። ዛሬ በወናጎም ሆነ በይርጋ ጨፌ ያለ ወጣት የመጀመሪያ ዜማውን በእጅ ስልኩ ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጊዜውም ያልተወሰነ፥ ስሕተቱም የሚታረም ነው። በየገጠሩ ያሉት የሽማግሌዎች ዜማና ግጥም ግን ብዙው ገና አልተቀረጸም፤ አዛውንቱ ሲያርፉ አብሮ ያርፋል። የተቀረጸውም ቢሆን ስልኩ ሲበላሽ የሚጠፋ፥ በመዝገብ ያልተቀመጠ ነው።

የነጋድራስ ተሰማ ሹመት 1909 ዓ.ም.ን አላለፈም። መኪናውም፥ ሚኒስቴሩም፥ ባለሟልነቱም የጊዜው ነበሩ። ያለ ሠራዊትና ያለ ርስት የቀረው፥ ከሰም ወደ መዳብ፥ ከመዳብ ወደ ሸክላ የተሸጋገረው ድምፅ ብቻ ነው። እርሱም የቆየው ዘፋኙ ጎበዝ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ አንድ ስሙ ያልተነገረ ባለሙያ ሰሙን በሚገባ ስላስተካከለ፥ መዳቡንም በጥንቃቄ ስላላቀቀ፥ ሌሎችም ቅጂውን ሳይሰብሩ ስላቆዩ ጭምር ነው።